ገዋኔ ላይ ያሳመምኳቸው ሐጂ

ሰው በዕድሜው የማይዋሸው የለም። አንዱ ዕድሜውን ይዋሻል፣ ሌላው ደሞዙን። እኔ የዋሸሁት ሰው ነው። አንድ ሙሉ ሰው ከነጢሙ፣ ከነቁጣው፣ ከነስኳር በሽታው ፈጥሬ ሦስት ዓመት አብሬው ሠራሁ። በመጨረሻም ገዋኔ ላይ አሳመምኩትና አገሬው ወተት ይዞ ፍለጋ ወጣ። አሁን ስጽፈው እየሳቅሁ ነው። ያኔ ግን ሳቅ ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶኝ ነበር።

ስሜ ሰዓዳ ነው፤ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አውቶ መካኒክ ተማርኩና ሥራ ፍለጋ ሰመራ ወረድኩ። እዚያ አንድ ቢሮ መካኒክ ብሎ ቀጥሮኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያስመዘግበኝ ቆየ። በመጨረሻ መረረኝና ለቅቄ ሎጊያ ላይ ጎሚስታ ከፈትኩ። ሎጊያ ከሰመራ አፍንጫ ሥር ያለች የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ጅቡቲ የሚወርደውም የሚመለሰውም እሷን ሳይረግጥ አያልፍም። ጎማ እጠግናለሁ፣ እቀይራለሁ፣ አዲስም እሸጣለሁ። በዚያ ሐሩር ጎማ ሲፈነዳ ነው የሚውለው፤ ሥራ አልጠፋም። የጠፋው የኔን ቃል የሚሰማ ሰው ነበር።

በከፈትኩ በሳምንቱ አንድ ሾፌር ጎማ አወረደ። አየሁት፤ ጎኑ ተቀዷል።

«ይሄ አይጠገንም፤ መቀየር ነው ያለበት» አልኩት።

«ባለቤቱ የለም?»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለና ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። ውሃ ሰጠሁት፤ አመስግኖ ጠጥቶ መጠበቁን ቀጠለ። በመጨረሻ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ወደ ጓዳ ገባሁና ተመልሼ ወጣሁ። «ሐጂ ደውለው ነበር። ጎኑ ከተቀደደ አይጠገንም፣ ይቀየር ብለዋል» አልኩት።

«አያ! እንዲህ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ደስ ይላል» አለና ጎማውን ቀየረ።

ሐጂ ሰይድ የተወለዱት በዚያች ቅጽበት ነው። ሲወለዱም የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚሉትን ተረት ማን እንደተረተው አላውቅም፤ እኔ ግን ወንዱን ራሴው ሠርቼ ተገላገልኩ። ለሰው ሁሉ አባቴም ባለሱቁም እሳቸው ናቸው። ሐጂ ቁጡ ናቸው። ሐጂ ክርክር አይወዱም። ሐጂ ደሴ ይኖራሉ፣ አንዳንዴ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ ሎጊያ የማይመጡት ሙቀቱ ለስኳራቸው ስለማይስማማ ነው። አንድ ባለተሳቢ እኔን ለትዳር ፈልጎ ሽማግሌ ሲልክብኝ እንኳ ሐጂ ናቸው የመለሱልኝ። «ለዘንድሮ አላሰብኩም ብለዋል» አልኳቸው፤ ሽማግሌዎቹም «አባት ካለ ምን ይባላል» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

አብሮኝ የሚሠራው ጋሽ ታደሰ የሚባል የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ጎማ ሲፈታ እጁን እንጂ ፊቱን አታዩትም። ስለ ሐጂ ሁልጊዜ በአክብሮት ይጠይቃል። «ሐጂ እንዴት ዋሉ?» ይላል፣ «ደህና ናቸው» እለዋለሁ። «ለሐጂ ሰላም በይልኝ» ይላል፣ «እሺ» እላለሁ። ምስኪን፣ አምኖኛል እያልኩ አንዳንዴ ያሳዝነኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አዋሽ ላይ ሁለተኛ ጎሚስታ ልክፈት ባልኩ ጊዜ ነው። አዋሽ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፣ አንዱ በገዋኔ አድርጎ ወደኛ ይመጣል። እዚያ መገንጠያው አጠገብ አንድ ባዶ የቆርቆሮ መጋዘን አየሁና ልቤ ቀረ። ፊት ለፊቱ ሁለት ተሳቢ ጎን ለጎን ያስቆማል። ሎጊያ ላይ ጎሚስታው እንደ እንጉዳይ በዝቶ ነበር፤ ያንን ቤት ካላገኘሁ አንድ ቦታ እንደተገተርኩ አረጃለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር።

ስለ መጋዘኑ ኪራይ የሚያነጋግሩት አባ ሁመድ የሚባሉ የአዋሽ አፋር ሽማግሌ ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። አንድ ነገር ባቀረብኩ ቁጥር «ዘመድ ልጠይቅ» ይላሉ። እኔም እሳቸው አንድ ነገር ባቀረቡ ቁጥር «ሐጂን ልጠይቅ» እላለሁ። ሁለታችንም ጠያቂዎች ስለሆንን ነገሩ ሦስት ወር ፈጀ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባ ሁመድ በከብት ጉዳይ ሎጊያ መጥተው ወደ ሱቄ ጎራ አሉ። ሻይ አዘዝኩላቸው።

«ዘመድ ተስማምቷል» አሉ።

ደስታዬን ልቆጣጠር ስል ቀጠሉ።

«ሐሙስ ሐጂ አዋሽ ይምጡ። ሽማግሌ ባለበት እጄን ይጨብጡ፣ ቤቱ የእናንተ ነው። ሌላ የሚፈልግ ሰው አለ። እሱ በራሱ እግር መጥቶ አነጋግሮናል። እኛ ፊቱን ላላየነው ሰው ቤት አንሰጥም።»

«ሐጂ ታመዋል» አልኩ። አላሰብኩትም። ከአፌ አመለጠኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ ልንገራችሁ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ደህና ነህ ደህና ነኝ ብሎ አይለያይም። ይቀመጣል። ያየውን፣ የሰማውን፣ በየትኛው መንደር ዝናብ እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ አንድ በአንድ ይነግራል፤ ሌላው እየጠየቀ ይሰማል። ይህ ነው ዳጉ። የሚናገረው አይጨምርም፣ የሚሰማው አይጣደፍም፤ የሰማውንም እንደሰማው ለቀጣዩ ያወርዳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰላም ነው ቢል እንኳ የሚያምነው የለም። እኔ ይህን አውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ማወቄ ነው።

አባ ሁመድ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ምን አመማቸው?»

«ስኳር።»

«መቼ ጀመራቸው?»

«ትናንት።»

«የት ተኝተዋል?»

ሰመራ ብል አሁኑኑ ተነስተው ሊጠይቋቸው ነው፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አዋሽ ብል አገራቸው ነው። ደሴ እንዳልል፣ ልጃቸው ደሴ እንደሚማር አጫውተውኛል። ከመሐል መንገድ ማንንም የማላውቅበትን አንድ ቦታ መረጥኩ።

«ገዋኔ» አልኩ። «ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ደክሟቸው ገዋኔ ወርደዋል።»

«ማን ቤት?»

«አንድ ሰው... የሰው ቤት።»

«የሰውየው ስም?»

«ሳይነግሩኝ ስልካቸው ተዘጋ።»

«ወተት የሚሰጣቸው አለ?»

«አላውቅም አባ ሁመድ።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። «ሰው ታሞ ገዋኔ ይተኛ፣ እኛ ደግሞ አናውቅም» አሉና ወጡ።

ለካ ገዋኔ አባ ሁመድ የተወለዱባት ናት። እናታቸው የተቀበረችው፣ እህታቸው የምትኖረው፣ ዘመዳቸው የሞላው እዚያ ነው። ከዚያ ሁሉ አገር ገዋኔን መርጬ!

የሚያሳፍረው ግን ይህ አይደለም። የሚያሳፍረው እሳቸው ሲወጡ ደስ ማለቴ ነው። አንድ ሳምንት አተረፍኩ ብዬ ነበር። ለጋሽ ታደሰም «ሐጂ ታመዋል» አልኩት።

የጎማ መፍቻውን እንደያዘ ቀና አለ። «አይ አይ። ጠንካራ ሰው ነበሩ።»

«ነበሩ አትበል እንጂ፣ አልሞቱም።»

«እሺ። ጠንካራ ሰው ናቸው» አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ከማል የሚባል ደንበኛዬ ከአዋሽ መጥቶ መኪናውን አቆመ። ሳይወርድ በመስኮት ጮኸ።

«ሰዓዳ፣ ሐጂ ተገኙ?»

«የት ተገኙ?»

«እኔ ነኝ እንጂ የምጠይቅሽ! ገዋኔ ላይ እኮ መኪና እያስቆሙ ነው። ታማሚ ሽማግሌ አይታችኋል ወይ ይላሉ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ቤት ለቤት ፈልገዋል። መስጊድ ላይ ሳይቀር ተነግሯል። መንገድ ዳር ደግሞ ሴቶቹ ወተት ይዘው ተቀምጠዋል።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ? መልካቸውን ጠየቁኝ፣ ቀይ ናቸው አልኳቸው።»

«ከማል፣ አንተ ሐጂን አይተሃቸው ታውቃለህ?»

ትንሽ አሰበ። «አሁን ስትጠይቂኝ... ባላያቸውም ቀይ ይመስሉኛል። አንዱ ሾፌር ግን ሰኞ ዕለት ሚሌ ላይ አይቻቸዋለሁ፣ ከዘራ ይዘዋል ብሏል።»

ሐጂ ከኔ ፈቃድ ውጪ ከዘራ ገዝተው ሚሌ ድረስ ሄደዋል። ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ከማል የመጨረሻውን ባይነግረኝ ኖሮ።

«ስኳር ሲጥል ያዞራል አይደል? ከመኪና እንደወረዱ ወደ በረሃው ገብተው ይሆናል ብለው ሰዎቹ ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ወጥተዋል። በዚህ ፀሐይ።»

ስለ መጋዘኑ አልነበረም ያሰብኩት። በዚያ ፀሐይ አንድ ሰው ቢወድቅስ? የሌለ ሰው ሲፈልግ ያለ ሰው ቢሞትስ?

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ አዋሽ የሚሄድ ሚኒባስ ፍለጋ ልሮጥ ስል ጋሽ ታደሰ ከበሩ ላይ ያዘኝ።

«ወዴት?»

«ሐጂን ልጠይቅ።»

«ባዶ እጅሽን?» አለና ለራሱ የገዛውን የብርቱካን ፌስታል አስያዘኝ። ቀጥሎም ግንባሩን አከከ። «ለስኳር ግን ብርቱካን አይሆንም መሰለኝ። ግዴለም፣ መንገድ ላይ አንቺ ብዪው።»

በመንገድ ሁሉ ብርቱካን ታቅፌ ውሸት ሳማርጥ ሄድኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ይከብድ ነበር። ድነው ወደ ደሴ ሄደዋል ልበል? ማን አሳፈራቸው፣ በየትኛው መኪና፣ ስንት ሰዓት ሊሉኝ ነው። ልግደላቸው ብዬም አሰብኩ፣ አላህ ይማረኝ። ግን የሞተ ሰው ቀብር አለው፣ ለቅሶ አለው፤ ገዋኔ በሙሉ ሐይቅ ድረስ ለለቅሶ ቢመጣ እናቴ ምን ትላለች? ከሁሉ ይሻላል ያልኩት «ድነው ሄደዋል» የሚለውን ነበር። ሚኒባሱ ገዋኔ ሲደርስ ይህንኑ ይዤ ወረድኩ።

መንገድ ዳር የሰሌን ጥላ ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሦስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ያለከልካሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። አንደኛው ጫማው ተበጥሶ እግሩ ደምቷል፤ ውሃ እያፈሰሰ ያጥበዋል።

«ከሎጊያ ነኝ። የሐጂ ሰይድ...» ብዬ ሳልጨርስ ሁሉም ተነሱ።

«ልጃቸው ናት» አለች አንዷ። ሌላዋ ወተት ቀድታ እጄ ላይ አኖረች። እግሩ የደማው ሰውዬ የተቀመጠበትን ድንጋይ ለቀቀልኝ። «አይዞሽ። የምሥራቁ ወገን ገና አልታየም። እናገኛቸዋለን» አለኝ።

ለሐጂ የተዘጋጀውን ወተት ይዤ ቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ድነዋል የሚለው ውሸቴ አፌ ውስጥ ነበር፣ አንድ ቃል ብቻ። ያንን እግር እያየሁ ግን አልወጣ አለኝ።

ከሴቶቹ መሐል ረዘም ያለች፣ ስልኳን በሻሿ ጫፍ የቋጠረች፣ ዱላ የያዘች ሴት ወደፊት መጣች። ከዲጋ ትባላለች፤ የአባ ሁመድ እህት ናት፣ ከገዋኔ ፍየል እየገዛች አዋሽ ወስዳ የምትነግድ። ከጠዋት ጀምራ በእግሯ ስትዞር እንደዋለች አቧራው ይናገራል።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «መጀመሪያ ወሬው።»

ተቀመጥኩ። «እማ ከዲጋ፣ ሐጂ የሉም።»

«ሞቱ?»

«አልሞቱም። አልነበሩም። ፈጥሬያቸው ነው።»

እንድትጮህ፣ በዱላዋ እንድትለኝ ነበር የምጠብቀው። እሷ ግን ዱላዋን አጋደመችና እንደማንኛውም ወሬ ትጠይቀኝ ጀመር። መቼ ፈጠርሻቸው? ለምን? ስማቸውን ማን አወጣ? ዕድሜያቸው?

«ስድሳ ሁለት።»

«ሚስት አላቸው?»

«አላሰብኩበትም።»

«ደግ ናቸው?»

«ቁጡ ናቸው።»

«ለምን ቁጡ አደረግሻቸው?»

«ደግ ከሆኑ ሰው ይደፍረኛላ።»

«ሱቁ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማሽኑ?»

«የኔ። በእጄ ሠርቼ የገዛሁት።»

ምንም ሳትዘል ጠይቃ ጨረሰች። ከዚያ ተነስታ ለተሰበሰበው ሰው በአፋርኛ ነገረቻቸው። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ርዝመቱን ግን አውቃለሁ፣ ከተናገርኩት አንድም አላስቀረችም። እግሩ የደማው ሰውዬ አየኝ፣ እግሩን አየ፣ እንደገና አየኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ምሥራቅ ያሉትን ተመለሱ ብሎ ደወለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አለቀስኩ።

ከዲጋ አላባበለችኝም። ሁሉም በሰላም እስኪመለሱ ከጎኔ ተቀምጣ ጠበቀች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲመጡ እፎይ አለችና «ወተቱን ጠጪው፣ ይበላሻል» አለችኝ። ቀጥላም «ወሬው በሄደበት መንገድ መመለስ አለበት። ወንድሜ በአፉ አውርዶታል። ነገ አዋሽ ትቀመጪና ለሱ ትነግሪዋለሽ። እኔም እመጣለሁ» አለች። ያን ሌሊት እሷው ቤት አደርኩ።

ሐሙስ ጠዋት አዋሽ ደረስን። የምወደው መጋዘን ጥላ ሥር አባ ሁመድና አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሌላው ፈላጊ፣ አንድ ወፍራም ነጋዴ፣ በራሱ እግር መጥቶ ራቅ ብሎ ቆሟል። አባ ሁመድ ከእህታቸው ጋር ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «ሐጂ ተሻላቸው?» አሉኝ።

ቆሜ ልናገር ስል ከዲጋ ልብሴን ሳብ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ተቀምጬ ከመጀመሪያው ሾፌር ጀምሬ ነገርኳቸው። ስጨርስ የአባ ሁመድ ፊት ጠቆረ።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም የዋሸሽው» አሉ። «እኔንም አስዋሸሽኝ። ስድሳ ዓመት አልፎኛል። በዳጉ ውሸት አውርጄ አላውቅም። ማክሰኞ አወረድኩ። ሰው በኔ አፍ ተነስቶ በረሃ ገባ።»

እስከዚያች ደቂቃ ያጣሁት መጋዘን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሳቸውን ስም እንደወሰድኩባቸው አልገባኝም ነበር። «አፉ በሉኝ አባ ሁመድ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ በአፋርኛ ተመካከሩ። ፍርዱ ሁለት ሆነ። አንድ ፍየል ለገዋኔ ሰዎች፤ እነሱ ናቸው የደከሙት። ሁለተኛ፣ ስመለስ በየደረስኩበት ወርጄ ሐጂ የሚባል እንደሌለ በራሴ አፍ እንድናገር። ሁለቱንም ተቀበልኩ። ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ የቤቱ ጉዳይ አለቀ ማለት ነው?» አለ።

አባ ሁመድ «ቆይ፣ ዘመድ ልጠይቅ» አሉና ወደ ከዲጋ ዞሩ።

እኔም ዞርኩ። ከዲጋ በዱላዋ ጫፍ የመጋዘኑን ግድግዳ ነካ አደረገች። «ይሄ ቆርቆሮ ፍየሎቼ ናቸው» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት ነግጄ ነው የሠራሁት። ተከራይ መጥቶ ባለቤቱ የት አለ ሲለኝ ሰለቸኝና ወንድሜን አስቀመጥኩት።»

ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ እኔ የሌለ ወንድ፣ እሷ ያለ ወንድ ፊታችን አቁመን ሁለት ሴቶች ስንከራከር ከርመናል።

«ታዲያ የኔ ጥፋት ምንድን ነው?» ብዬ ልሟገት ስል አቋረጠችኝ።

«የኔው አለ። ያያል፣ ይሰማል፣ ይበላል። ያልኩትን ነው የሚናገረው፤ ያላልኩትን አይጨምርም። ያንቺው ከየት መጣ?» አባ ሁመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይበላል» የሚለው ሳያስቃቸው አልቀረም።

ከዚያ ለነጋዴው በሚሰማ ድምፅ «ትናንት ድነው ሄደዋል ብትለኝ ኖሮ አምናት ነበር። ሰዎቹም ይመለሱ ነበር። አላለችም» አለች። እጇን ዘረጋችልኝ። «ቤቱን ላንቺ። ግን እኔና አንቺ ነን የምንነጋገረው። ወንድሜ ደክሞታል።»

ጨበጥኳት። እጇ ከኔ ይሻክራል፤ ጎማ ፈቺዋ እኔ ሆኜ።

ወደ ሎጊያ ስመለስ በየደረስኩበት እየወረድኩ ተናገርኩ። ምግብ ቤቶች፣ ነዳጅ ማደያዎች፣ ጎማ የሚጠግኑ ተፎካካሪዎቼ ደጅ ሳይቀር። «ሐጂ ሰይድ የሚባል የለም፣ ሱቁ የኔ ነው።» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ያዝንልኛል፣ ሐጂ ሞተው አእምሮዬን የነካኝ መስሎት። ሚሌ ላይ ከዘራቸውን አይቻለሁ ያለው ሾፌር ግን ፍንክች አላለም። «አንቺ ብትክጂያቸውም እኔ አይቻቸዋለሁ» አለኝ።

ደንበኛ ሸሸኝ ወይ? መጀመሪያ ሰሞን አዎ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ባለቤት የሚጠብቁ እንደገና መጡ፤ ደክሟቸው የሚሄዱም ነበሩ። ከዚያ ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። የአፋር ነጋዴዎችና የመኪና ባለንብረቶች በብዛት ይመጡ ጀመር። «ውሸቷን በራሷ አፍ የመለሰችው ይቺ ናት» ይባባላሉ። ጎማው አይጠገንም ስላቸው አይከራከሩኝም። እኔ ከወንድ ስም የፈለግሁትን እምነት ያገኘሁት በራሴ ውርደት ነው።

ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ ሐጂን በመፍጠሬ እንዳትፈርዱብኝ፤ ግማሾቻችሁ ጓዳ ውስጥ የራሳችሁ ሐጂ እንዳለ አውቃለሁ። «ባለቤቴ አይፈቅድም»፣ «ወንድሜን ላማክር»፣ «አለቃዬ እንቢ ብሏል»። ዓለም ገፍቶን ነው፣ እውነት ነው። እኔ ግን ዘግይቶ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ሐጂ ከሰው ንቀት ብቻ አይደለም የሸሸጉኝ። ከራሴም ሸሽገውኛል። ጥሩው ሁሉ የኔ ነበር፣ ክፉው ሁሉ የሳቸው። ይህንን ያስረዳኝ ጋሽ ታደሰ ነው።

ያን ሁሉ በየመንገዱ ተናግሬ በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት ሎጊያ ገባሁ። ጋሽ ታደሰ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለሱ መናገር ለሽማግሌዎቹ ከመናገር ይልቅ ከበደኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሐጂ የሉም። ኖረውም አያውቁም።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሦስት ጊዜ ደሞዝ ይጨመርልኝ ብዬሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሐጂ አልፈቀዱም አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለልጄ ምርቃት ሁለት ቀን ፈቃድ ስጠይቅሽም ሐጂ ናቸው የከለከሉኝ።»

«አዎ» አልኩ። የልጁን ምርቃት ረስቼው ነበር።

«ማወቁንስ አውቅ ነበር» አለ። «በሁለተኛው ወር ነው ያወቅሁት። ስታናግሪያቸው ስልክሽ ቻርጅ ላይ ነበር፤ ጆሮሽ ላይ የነበረው ካልኩሌተር ነው።»

«አውቀህ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም በይልኝ ስትለኝ የነበረው?»

«ምን ላድርግ? ቤቴ ገብቼ መራገም ያምረኛል። አንቺን ከምረግም የሌለ ሰው ብረግም ይሻላል ብዬ ነው።»

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና «እና የደሞዙ ነገር?» አለኝ። መልሴን እየጠበቀ ነበር። ዞር ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።